የአክስቴ የመቱ ሕክምና፣ በቅበላ ሳምንት

ነገሩ የጀመረው እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ደሴ፣ ግቢያችን ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው አክስቴ ነበረች፤ እዚህ ዘነበች እላታለሁ፣ የሌሎቹንም ስም ለውጫለሁ። የእናቴ ታናሽ ናት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከአያቶቼ ጋር በሠፈራ ወደ ኢሉባቦር ስትሄድ ገና ልጅ ነበረች፤ ዳሪሙ ወረዳ አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ እዚያው ቀረች። ለእናቴ በየበዓሉ ትደውላለች። ለእኔ ግን ደውላ አታውቅም።

"ጥርሴን እያመመኝ መቱ ልታከም ነው። መጥተሽ አስታምሚኝ" አለች፣ ጎረቤት እንዲሰማት የፈለገች ያህል ጮክ ብላ።

ወዲያው ጠረጠርኩ። ለጥርስ ከደሴ አስታማሚ ይጠራል? የደረሱ ወንዶች ልጆች አሏት፤ ባሏ ጋሽ ታደሰም እናቴ እንደምትለው ደግ ሰው ነው። ምን ብዬ እንደምመልስ ሳስብ ስልኩ ተዘጋ። ትንሽ ቆይታ እንደገና ስትደውል ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፤ የደረቀ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ከቤት ርቃ ቡናው ውስጥ ገብታ ነበር።

"ሰናይት፣ ጥርስ አይደለም። ጤና ጣቢያ የሴቶች ምርመራ አለ ሲሉ ሄጄ፣ የማህፀኔ በር ላይ ነጭ ነገር አገኙብኝ። ካንሰር አይደለም አሉ፤ ካልታከመ ግን ሊሆን ይችላል። ሐሙስ መቱ እንድታከም ላኩኝ።"

"ለጋሽ ታደሰስ ምን አልሽው?"

"ጥርስ ነዋ። ስሚ፣ ከሁዳዴ በፊት ማለቅ አለበት። ሐሙስ ካለፈኝ እተወዋለሁ።"

ሕክምናን ከጾም ጋር ምን አገናኘው? ለምን እኔ? ለምን ከባል ተደብቆ? መጠየቅ አልደፈርኩም፤ "እሺ" ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። ምርመራው የማህፀኑን በር በኮምጣጤ ማጠብ ነው ይላል። ኮምጣጤ ለእኔ የሰላጣ ነገር ነው። ሕክምናው ደግሞ ጤናማ ያልሆኑትን ሴሎች በቅዝቃዜ መግደል። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው፤ ነገሩን የሚያመጣው ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ነው። ደግ ሰው የተባለውን ጋሽ ታደሰን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሌላ ዓይን አየሁት። እውነቱን ለመናገር አክስቴንም።

ሰኞ ዕለት አለቃዬን ፈቃድ ስጠይቅ ምክንያቱን ጠየቀኝ። ጎንበስ ብዬ "የአክስቴ ጥርስ" አልኩት።

ማክሰኞ አዲስ አበባ ገባሁ፤ የታወቀ መንገድ ስለሆነ አልተርከውም። ረቡዕ ገና ሳይነጋ የመቱን አውቶቡስ ያዝኩ። መንገዱን ሁሉ ዓይኔ ከመስኮቱ ብዙም አልተነቀለም። የእኛ አገር መሬት አጥንቱ ይታያል፤ ድንጋዩ፣ ገደሉ፣ እርከኑ። እዚህ ግን ከአጋሮ ወዲህ መሬት የሚባል ነገር አይታይም፤ ዛፍ ላይ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ቡና፣ ከላይ ደግሞ ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀለ የንብ ቀፎ። የካቲት ውስጥ እንዲህ የለመለመ አገር አይቼ አላውቅም። ይህን ያህል ልምላሜም ትንሽ ያስፈራል፤ ከኋላው ያለውን አያሳይም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሁለት ትልልቅ የልብስ ጆንያ ጭና የምትመለስ የመቱ ነጋዴ ነበረች። እትዬ ጫልቱ አልኳት። ገና ወሊሶ ሳንደርስ ከየት እንደመጣሁ ጠይቃኝ፣ ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። ተቀብዬ በእጄ ያዝኩት።

"ብዪው እንጂ፣ የደሴ ልጅ። መድኃኒት ያደረግሁበት መሰለሽ?"

በእርግጥ መስሎኝ ነበር። በላሁት።

በደሌ ልንደርስ ስንል ጎማው ፈነዳ። መለዋወጫው ሲወርድ እሱም አየር የለውም። ሾፌሩና ረዳቱ እየተሰዳደቡ ሲጠግኑ ጀምበር ጠለቀች፤ በደሌ ስንገባ ሾፌሩ "መቱ ነገ ነው" ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እኔ የማስበው ሐሙስን ብቻ ነበር። አልጋ ተፈልጎ የተገኘው አንድ ክፍል ነው። እትዬ ጫልቱ "ኮቱ፣ ነይ አብረን እንተኛ" አለችኝና ወደ ውጭ ወጥታ በኦሮምኛ ስልክ ደወለች። ቋንቋውን አልሰማም፤ ግን መሃሉ ላይ "ደሴ" ስትል ሰማሁ። እንደገና ትንሽ ቆይቶ "ደሴ"። ስለ እኔ ለማን ነው የምትናገረው? መታወቂያዬንና ስልኬን ደረቴ ውስጥ ከትቼ፣ ቦርሳዬን ተንተርሼ ተኛሁ። ስነቃ እሷ ቀድማ ተነስታ ቴርሞስ ሙሉ ሻይና ትኩስ ዳቦ ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ለካ የደወለችው መቱ ላለችው ልጇ ነው፤ "የደሴ እንግዳ ስላለችኝ ፍራሽ አውጪ" እያለቻት።

ሐሙስ መቱ የገባነው ለስድስት ሰዓት ሩብ ሲቀረው ነው። መናኸሪያው ደሴ ፒያሳን ያህል ይጮሃል፤ ባጃጆቹ ግን ከእኛዎቹ ይልቅ ይታገሣሉ፣ ዳገት የማያውቁ ስለሆኑ ይመስለኛል። አክስቴ በነጭ ነጠላ ጉንጯን ሸፍና ቆማለች። በፎቶ ከማውቃት ይልቅ አጭር ናት። ሳመችኝና ሰው በሰማ ድምፅ "ወይ ጥርሴን" አለች፤ ቀጥላ በጆሮዬ "ግራውን ጉንጭ ነው፣ እንዳትሳሳቺ።"

እትዬ ጫልቱ አላለፈችንም። "በጥርስ ሕመም ቆሞ መዋል! ታክማችሁ ስትጨርሱ ቤቴ ትመጣላችሁ" ብላ ቤቷን ከመናኸሪያው በላይ አሳየችን።

ወደ ሕክምናው ቦታ በባጃጅ ሄድን። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ መስኮቱ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ አለው። የተቀበለን አዋላጅ ነርስ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወንድ ነው። እኔ ወደ ኋላ ስሸሽ አክስቴ ቆጣ አለች። "ምን ሆንሽ? የኔ ልጅ እኮ ሊሆን ይችላል።"

እሱና እሷ በኦሮምኛ ረጅም ነገር ተነጋገሩ። ትስቃለች፣ ይስቃል። ከእኔ የሚደበቅ ነገር ያለ መሰለኝ፤ እያፈርኩም ቢሆን ምን እንደሚሉ ጠየቅሁ።

"የእህቴ ልጅ ተጠራጣሪ ናት ብለውኛል" አለ ነርሱ። "ጠይቂ፣ ምን የከበደሽ ነገር አለ?"

"ኮምጣጤው" አልኩ ወለሉን እያየሁ።

"በደንብ የቀጠነ ነው። ጤነኛው ቦታ ሲነካው አይለወጥም፤ ሴሎቹ ያልተስተካከሉበት ቦታ ግን ነጭ ይሆናል። ዛሬም ደግሜ አያለሁ። ቦታው ትንሽ ከሆነ እዚሁ እጨርሰዋለሁ፤ ሰፋ ካለ ወይም ወደ ውስጥ ከገባ ሌላ ሕክምና ይፈልጋል፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል አስተላልፋለሁ።"

ይተላለፋል ማለት ሐሙስ አለፈ ማለት ነው። አክስቴ ነጠላዋን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝና ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ነጠላውን ጨምድጄ ቆምኩ። መሣሪያ ሲነካካ፣ እሱ "ትንፋሽ ያውጡ፣ እግርዎን ያላሉ" ሲላት ይሰማኛል። ከዚያ ጸጥ አለ። የጸጥታው ርዝመት አላማረኝም።

"ትንሽ ነው" አለ በመጨረሻ። "ይታከማል።"

የማቀዝቀዣው ጋዝ ሲለቀቅ እንደ እባብ ፉጨት ያለ ድምፅ አወጣ። ደነገጥኩ፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቅሁት። እጁ ሥራ ላይ ሆኖ መለሰልኝ። ጫፉ የቀዘቀዘ ዘንግ ቦታው ላይ ይይዛል፣ ያቆየዋል፣ እንዲቀልጥ ይተወዋል፣ እንደገና ያቀዘቅዘዋል። የታመመው ሴል ሞቶ ይወድቃል፤ ከሥሩ ጤነኛው ይተካል።

"እንደ ውርጭ ነው?" አልኩ። ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ሥር፣ ባቄላው አንድ ሌሊት ውርጭ ሲመታው ጠዋት ጠቁሮ ይታያል።

"ውርጭ አይቼ አላውቅም። እዚህ የለም" አለ።

"እኔ አይቻለሁ" አለች አክስቴ ከአልጋው ላይ፣ ጥርሷን ነክሳ። "አባቴ እርሻ ላይ። ልክ ነው፣ ውርጭ ነው። ቀጥል።"

ሕክምናው የምሳ ሰዓት ሳያልፍ አለቀ። ሕመሙን ስጠይቃት "የወር አበባ ቁርጠት ነው፣ ከዚያ አይብስም" አለች፤ ፊቷ ግን አመድ መስሎ ነበር። ነርሱ አስቀምጦ አስረዳን። ለተወሰኑ ሳምንታት ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል፤ የሚጠበቅ ነው። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ወይም ብዙ ደም ካለ ወዲያው መምጣት። ከባድ ሸክም የለም። ከዓመት በኋላ ተመልሳ መታየት አለባት። "አንድ ወር ደግሞ" አለ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መልሶ፣ "ከባለቤትዎ ጋር አይገናኙም። ቁስሉ ካልዳነ ያደማል፣ ይመረቅዛል። እሳቸውም ቢሰሙ ጥሩ ነው። ይደውሉላቸውና እኔ ላስረዳ?"

"ጆሮው ከባድ ነው፣ በስልክ አይሰማም" አለች አክስቴ።

ጋሽ ታደሰ ከእናቴ ጋር በስልክ ግማሽ ሰዓት ሲያወራ ሰምቻለሁ። እሷ ቀድማ ስትወጣ ግን ወደ ኋላ ቀረሁና ነርሱን ጠየቅሁት፤ "ቫይረሱን ያመጣባት ባሏ ነው?"

ነርሱ ጓንቱን አውልቆ ጣለ። "ከማን እንደመጣ፣ መቼ እንደመጣ ማንም ሊነግርሽ አይችልም። ብዙ ሰው ያገኘዋል፤ አብዛኛው ሳያውቀው ይተወዋል። ሃያ ዓመትም ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። በእሱ ትዳር አይመረመርም።"

አመስግኜው ወጣሁ። አምኜው ነበር፤ ግን ማመንና መጠርጠር አብረው የሚያድሩ ነገሮች ናቸው።

እትዬ ጫልቱ ዶሮ አሠርታ ጠበቀችን። ለእኔ ፈረሰኛ ወጣልኝ። ለአክስቴ ግን በትንሽ ሳህን መረቅ ብቻ። አክስቴ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ዶሮውን የምታይበት ዓይን ያሳዝናል። ቀጥሎ ቡነ ቀላ መጣ፤ ከነገለፈቱ በቅቤ የተጠበሰ ቡና ነው፣ እየቆረጠሙ ይበሉታል። እጇን ስትዘረጋ እትዬ ጫልቱ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

"አንቺማ ጥርስሽን ተነቅለሽ! ለእሷ ነው። ኛዱ፣ የደሴ ልጅ፣ ብዪ።"

"አልተነቀለም፤ ጠገኑልኝ" አለች አክስቴ።

"የተጠገነ ይብሳል። የኔ ተጠግኖ ዓመት አሠቃየኝ።"

ለመኝታ ስንሄድ ከነጠላዬ ሥር ደብቄ ያመጣሁላትን የዶሮ እግር በሁለት ጉርሻ ጨረሰችው።

ዓርብ ወደ ዳሪሙ እንሄዳለን ብዬ ቦርሳዬን ዘግቼ ነበር። እትዬ ጫልቱ ግን እናቷን ልትጠይቅ ኡካ የምትባል ከተማ መሄዷ ነበርና ሰው እንደሚለው "አብረን እንሂድ እንጂ" አለችን። እንዲህ ያለው ግብዣ መልሱ የታወቀ ነው፤ "እግዜር ይስጥልን፣ ሌላ ቀን" ይባላል። አክስቴ "እሺ" አለች።

እትዬ ጫልቱ ራሷ ቀና ብላ አየቻት። እኔ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ትናንት የታከመች ሴት፣ እቤቷ ሊጡና ጠላው ለቅበላ የሚጠብቃት ሴት፣ ኡካ ምን አላት? ሚኒባስ ውስጥ ጆሮዋ ሥር ጠየቅኋት።

"አገር ላሳይሽ ብዬ ነው" አለች። ወደ ቤት የመሄድ ፍላጎት እንደሌላት እንጂ አገር የማሳየት ፍላጎት እንዳላት አይታይባትም ነበር። ሰው ከቤቱ የሚሸሸው ለምንድን ነው? ጋሽ ታደሰ ይመታታል ማለት ነው? እናቴ ደግ ስትል በስልክ የሰማችውን ድምፅ ብቻ ይዛ ይሆናል።

ኡካ ትንሽና ጸጥተኛ ናት፤ የወረዳ ቢሮዎች፣ የቆርቆሮ ሱቆች፣ ከሱቆቹ ኋላ ወዲያው ጫካ። የእትዬ ጫልቱ እናት ፕሮቴስታንት ናቸው፤ እኛ ዓርብ እንደምንጾም ግን ሳንነግራቸው አውቀው ማርቃ በኑግ ዘይት አቀረቡ። ማርቃ የእኛው ገንፎ ነው፤ ደሴ ለአራስ የምንሠራው፣ እነሱ ለማንም እንግዳ የሚሠሩት። ችግሩ አሮጊቷ ጥርስ እናያለን ማለታቸው ነው። አክስቴን መብራት ወዳለበት በር ወስደው አገጯን ያዙ። አክስቴ ድሮ የወለቀችውን መንጋጋ ቦታ አሳየቻቸው።

አሮጊቷ አተኩረው አዩና በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ። ሁሉም ሳቁ።

"ምን አሉ?" አልኩ።

"ጎበዝ ሐኪም ነው፣ በአንድ ቀን አድኖታል ብለው ነው" አለች እትዬ ጫልቱ፣ አክስቴን ሳታያት። እሷም ያን ጊዜ ጥርስ አለመሆኑን ያወቀች ይመስለኛል። አልጠየቀችም። ስንለያይ ግን ከጆንያዋ የወጣ አዲስ ለስላሳ አቡጀዲ አጣጥፋ አክስቴ እቅፍ ላይ አኖረችላት፤ "ለሚያስፈልግሽ" ብላ። አክስቴ "ገለቶሚ" ብላ ስታመሰግናት ድምፅዋ ተሰበረ።

ቅዳሜ ወደ መቱ ተመልሰን፣ ከዚያ በአይሱዙ ጋቢና ወደ ዳሪሙ ሄድን። መኪናው ካወረደን በኋላ እግር ነው። ሻንጣውንም ፌስታሉንም እኔ ተሸከምኩ። የቡናው አበባ ፈንድቶ መንገዱን በሁለት በኩል አንጥቶታል፤ ሽታው ከጃስሚን አይለይም። ትንሽ ዳገት ላይ ለማረፍ ስንቀመጥ፣ ሸክሙ አሰልችቶኝ ይሁን እንጃ፣ ዓይን አፋርነቴን ለአፍታ ረሳሁት።

"አክስቴ፣ ይመታሻል?"

ደንግጣ አየችኝ። ከዚያ በሳቅ ፈረሰች፤ ሆዷን ይዛ "ቁርጠቴን አመጣሽብኝ" አለች። "ታደሰ? ዶሮ ማረድ የሚያቅተው ሰውዬ?"

"ታዲያ ለምን ትደብቂዋለሽ? ለምን ኡካ ሄድን?"

ሳቋ አለቀ። ከእግሯ ሥር ያለውን አበባ ማንሳት ጀመረች።

"ከእኛ በላይ ካለው ሠፈር አንዲት ሴት እንደኔው ተገኘባት። ለባሏ ነገረችው። ያ ሰው ሌላ ነገር አልጠየቃትም፤ 'ከየት አመጣሽው?' አላት። ዛሬ ወንድሟ ቤት ናት። ታደሰ እንደሱ ይሆናል አልልም። ግን አንዴ ካሰበው፣ ባይናገረውም ያስበዋል። አንቺ ራስሽ አላሰብሽውም?"

ፊቴ ጋለ። 

"የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከታከምሽ በኋላ ወር ሙሉ ከባልሽ ጋር አትገናኙም ስትለኝ ምን እለዋለሁ ብዬ ተጨነቅሁ። ኋላ ሁዳዴ ትዝ አለኝ። ሁዳዴ ሲገባ ጋቢውን ይዞ ወደ መደቡ ይወርዳል፤ እስከ ፋሲካ አይመለስም። ካገባኝ ጀምሮ እንዲህ ነው። ስለዚህ ከጾሙ በፊት ባለው ሐሙስ አልኩ። ሐሙስን መቱ አደርኩ፣ ዓርብን ኡካ። ዛሬ ደግሞ እንግዳ አለኝ። ሴት ዘመድ ከሩቅ ስትመጣ ከቤቱ እመቤት ጋር ነው የምትተኛው፣ ብቻዋን አትጣልም። ወንድ ልጅ ብጠራ ምን ይጠቅመኛል?"

ለምን እኔ ለሚለው መልሱ ይህ ነበር።

"ነገስ?" አልኩ። ነገ እሑድ ቅበላ ነው፤ እኔ ደግሞ ጠዋት በሞተር ወደ መቱ ልመለስ፣ ሰኞ አውቶቡስ ልይዝ ተነጋግሬያለሁ። የቅበላ ማታ ሥጋውም ጠላውም ያለበት፣ ባል የሚጫወትበት ማታ ነው።

"ነገን እንግዲህ እሱ ያውቃል" አለች ወደ ሰማይ እያየች፣ ተነስታም ቀሚሷን አራገፈች። ቆዪልኝ አላለችም። የፈቃዴን ማለቂያ ታውቃለች።

ጋሽ ታደሰ በር ላይ ተቀበለን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር እጁን የሚያፍተለትል ሰው ነው። ስንት ቀን የጠረጠርኩት ሰው እግርሽን ካላጠብኩ ብሎ ሲያስቸግር ማየት ያሳፍራል። "ጥርስሽስ?" አላት አክስቴን፤ "ደህና ነው" አለችው፤ "እሰይ" አለ። ብቻ "እሰይ" ሲል ረዘም አድርጎ አያት፤ እኔም የዚያን አስተያየት ትርጉም ስፈልግ አመሸሁ። እንደተባለው ከአክስቴ ጋር ትልቁ አልጋ ላይ ተኛሁ። ዞር በይ፣ አልሞቀሽም፣ ብርድ ልብስ ልጨምርልሽ ስትለኝ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ አክስቴ ለቅበላው ሽንኩርት ትልጣለች፤ ጋሽ ታደሰ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቢላዋ ይስላል። የታሰረች ቦርሳዬ በሩ ሥር ናት። በሕይወቴ ከወንድ ዘመድ ፊት ቆሜ የራሴን ነገር ለምኜ አላውቅም። ሄጄ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ እስከ ነገ ልቆይ።"

"የቅበላ ቀን እንግዳ ይሄዳል እንዴ? እኔማ ሞተሩን አባርራለሁ ብዬ ነበር።"

"ማታ ግን…" አልኩና ቢላዋውን እያየሁ ቀጠልኩ። "ማታ ብቻዬን መተኛት እፈራለሁ። ዛሬም ከአክስቴ ጋር ልተኛ። ትናንት ጅቡ ሲጮህ ነበር።"

ቢላዋውን አቆመ። "ደሴ ጅብ የለም?"

"አለ። እዚያም ከእናቴ ጋር ነው የምተኛው።"

አየኝ፤ ከዚያ እሷን አየ። አክስቴ ከሽንኩርቱ ቀና አላለችም። የሆነ ነገር የጠረጠረ ይመስለኛል፤ ምን እንደጠረጠረ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ፣ ጋቢውን ከአልጋው ላይ አንስቶ መደቡ ላይ አስቀመጠውና ተመልሶ ቢላዋውን መሳል ቀጠለ።

"እንግዲህ አንድ ቀን ቀድሜ ጾም ገባሁ" አለ።

ለሞተረኛው ደውዬ ነገ ና አልኩት። ቦርሳዬን ከአልጋው ሥር ገፋሁና ሁለተኛ ቢላዋ ይዤ ከአክስቴ አጠገብ ቁጭ አልኩ።